የኔትወርክ መቃኛን በትዕዛዝ መስመር መጫንና ማስወገድ፦ ከቦንጋ እስከ ቢታ ገነት

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በከፋ ዞን፣ በቢታ ወረዳ፣ በቢታ ገነት ከተማ የሚገኝን የአንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ኔትወርክ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊያጠና ተነሣ እንበል። በመሥሪያ ቤቱ ስንት ኮምፒዩተር፣ ስንት ፕሪንተርና ስንት ራውተር እንደ ተገናኘ የሚናገር የተሟላ መዝገብ የለም። ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው የመቃኛ ፕሮግራም በነጻ የሚገኝ ነው። ለመጫን አንድ መስመር ትዕዛዝ፣ ሥራው ሲያበቃም ለማስወገድ ሌላ አንድ መስመር ይበቃል። አብዛኞቹ የአጠቃቀም መመሪያዎች ነገሩን በእነዚህ ሁለት መስመሮች ጀምረው በእነዚሁ ይጨርሱታል።

ይሁንና በሁለቱ መስመሮች ዙሪያ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። በኔትወርኩ ላይ ቅኝት ለማካሄድ የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? የተጫነው ፕሮግራም ከትክክለኛው ምንጭ መምጣቱ በምን ይረጋገጣል? «ተወግዷል» ሲባልስ ምን ሄዶ ምን ይቀራል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ኤንማፕ የተባለውን መሣሪያ እንደ አብነት በመውሰድ ለሦስቱም መልስ መስጠት ነው። ጽሑፉ የሚያስረዳው ዋና ሐሳብም ፕሮግራሙን ማስወገድ የማስወገድ ሥራ ትንሹ ክፍል መሆኑን፣ ከፕሮግራሙ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ፕሮግራሙ ትቶት የሚሄደው የኔትወርክ ካርታ መሆኑን ነው።

ትዕዛዞች በኮምፒዩተር ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን በአነባበባቸው ተጽፈዋል።

መሣሪያውና ሥራው

ኤንማፕን ያዘጋጀው «ፊዮዶር» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ጎርደን ላዮን ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ፍራክ በተባለው መጽሔት ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘችውም በዚያው ዓመት በጥር ወር ነበር። ስለዚህ የመሣሪያው ዕድሜና የአገሪቱ የኢንተርኔት ዕድሜ ተቀራራቢ ነው ማለት ይቻላል።

የመቃኛው አሠራር በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው። በተሰጠው የአድራሻ ክልል ውስጥ ወዳለ እያንዳንዱ አድራሻ አጫጭር መልእክቶችን ይልካል፤ የሚመለሰውን ምላሽ፣ ወይም ምላሽ አለመኖሩን፣ ይመዘግባል። አንድ ኮምፒዩተር በቲሲፒ ሥርዓት ከ1 እስከ 65,535 የሚቆጠሩ ፖርቶች አሉት። ኤንማፕ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር ከእነዚህ በብዛት ጥቅም ላይ የሚውሉትን 1,000 ብቻ ይፈትሻል። የተከፈተ ፖርት ከጀርባው አገልግሎት የሚሰጥ ፕሮግራም መኖሩን ያመለክታል። በሮች እየተንኳኩ ማን ቤቱ እንዳለ፣ የማን በር እንደ ተዘጋ የሚመዘገብበት የሰፈር ቆጠራ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው።

ቅኝት ለምርምር ያለውን ዋጋ የሚያሳይ፣ ኢትዮጵያንም የሚነካ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ባወጣው ዘገባ፣ ተመራማሪዎቹ በኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ሰርቨሮች የሚሰጡትን ምላሽ በመቃኘት ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር መቆጣጠሪያ ሰርቨሮች በ25 አገሮች እንደሚገኙ አመልክተዋል፤ ከአገሮቹም አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚህ ምሳሌ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ሰርቨር ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጠው ምላሽ ባለቤቱ ሊገልጠው ያላሰበውን ነገር ሊገልጥ መቻሉ ነው። ይህ ለተመራማሪ ጥቅም ነው። በቢታ ገነት ላለው መሥሪያ ቤት ግን ያው ጥቅም በተሳሳተ እጅ ከገባ አደጋ ይሆናል።

ፈቃድ ከመጫን ይቀድማል

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚመለከተው ዋናው ሕግ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ ውጪ የሌላን ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መድረስን በወንጀልነት ይደነግጋል። «ደራሽነት» የሚለው ቃልም በሕጉ ውስጥ የተሰጠው ትርጓሜ ሰፊ ነው፤ ሰብሮ መግባትን ብቻ ሳይሆን ከኮምፒዩተር ሥርዓት ጋር መገናኘትንም ያጠቃልላል። ስለዚህ «ምንም አልሰበርሁም፤ የተከፈተውን በር ብቻ ነው የቆጠርሁት» የሚለው መከራከሪያ ተማሪውን ሊያድነው እንደሚችል አስቀድሞ መተማመን አይገባም። ፕሮግራሙን በራስ ኮምፒዩተር ላይ መጫንና በሌላው ኔትወርክ ላይ ማስኬድ በሕግ ፊት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። ጥንቃቄ የሚያሻው ሁለተኛው ነው።

ፈቃዱ የጽሑፍ መሆን ይኖርበታል። በውስጡም ቢያንስ አራት ነገሮች ይሰፍራሉ፦ የሚቃኘው የአድራሻ ክልል፣ ቅኝቱ የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት፣ ውጤቱን የሚያየው ሰው ማንነት፣ እንዲሁም ውጤቱ የሚጠፋበት ቀን። ከእነዚህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ወደ ኋላ እንደሚታየው ግን የማስወገዱ ሥራ ሁሉ የሚመሠረተው በእርሱ ላይ ነው።

የአድራሻ ክልሉ በትክክል መጻፉ በወረዳ ደረጃ የተለየ ክብደት አለው። ወረዳኔት የተባለው መሠረተ ልማት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይትና በመሬት መስመር ከክልልና ከፌዴራል ተቋማት ጋር ለማገናኘት የተዘረጋ ነው። እንዲህ ባለ ሰፊ ኔትወርክ ውስጥ «የውስጥ አድራሻ» ማለት የግድ «የዚህ ቢሮ አድራሻ» ማለት አይደለም። በ192.168.1.0/24 የሚወከለው ክልል 256 አድራሻዎችን ብቻ ይይዛል። 10.0.0.0/8 ተብሎ የተጻፈ ክልል ግን 16,777,216 አድራሻዎች አሉት፤ የሌላ ወረዳ ወይም የሌላ ዞን መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችም በውስጡ ሊገኙ ይችላሉ። ከ24 ይልቅ 8 መጻፍ የአንድ ክፍል ቆጠራን ፈቃድ ወደ ሌላቸው ቤቶች የሚያሻግር ስሕተት ነው።

ለልምምድ ግን ማንንም ማስፈቀድ የማያስፈልግበት ቦታ አለ። ይኸውም 127.0.0.1 የተባለው፣ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው። ጀማሪ የራሱን ላፕቶፕ በመቃኘት የመሣሪያውን ጠባይ በሚገባ ሊማር ይችላል።

መጫን

በዴብያንና በኡቡንቱ ላይ መጫን የሚከናወነው በሁለት ትዕዛዞች ነው። «ሱዶ አፕት አፕዴት» የተባለው በማከማቻው ያሉትን ጥቅሎች ዝርዝር ያድሳል፤ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤንማፕ» ደግሞ ጥቅሉን አምጥቶ ይጭናል። በፌዶራ ላይ ተመሳሳዩ ተግባር «ሱዶ ዲኤንኤፍ ኢንስቶል ኤንማፕ» በሚለው ይፈጸማል። «ሱዶ» የሚለው ቃል ትዕዛዙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲፈጸም የሚያደርግ ነው።

ሁለተኛው ትዕዛዝ ሲሰጥ አንድ ጥቅል ብቻ አይመጣም። ኤንማፕ የኔትወርክ መልእክቶችን ለመያዝ ሊብፒካፕ በተባለ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀማል፤ ተጨማሪ ስክሪፕቶቹን ለማስኬድ ሉዋ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይሻል። እነዚህና መሰሎቻቸው ጥገኛ ጥቅሎች ይባላሉ። አፕት ተጠቃሚው በስም ጠርቶ ያስጫነውን «በእጅ የተጫነ»፣ ተከትሎ የመጣውን ደግሞ «በራሱ የተጫነ» ብሎ ለይቶ ይመዘግባል። ይህ ልዩነት በመጫን ጊዜ የማይታይ ቢሆንም በማስወገድ ጊዜ ወሳኝ ይሆናል።

የአመኔታው ሰንሰለትም ሊታወቅ ይገባል። በዴብያን ሥርዓት እያንዳንዱ ጥቅል በተናጠል አይፈረምም። የሚፈረመው የማከማቻው ጠቅላላ ማውጫ ነው። ማውጫው የጥቅል ዝርዝሮቹን ዲጂታል አሻራ ይይዛል፤ ዝርዝሮቹም በተራቸው የእያንዳንዱን ጥቅል አሻራ ይይዛሉ። ኮምፒዩተሩ ፊርማውን ካረጋገጠ በኋላ ከላይ ወደ ታች እያመሳከረ የመጣው ጥቅል የተባለው መሆኑን ያውቃል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፤ ከሰንሰለቱ ተነጥሎ በፍላሽ የመጣ ጥቅል ትክክለኛነቱን ብቻውን ሊመሰክር አይችልም።

ግንኙነቱ በደከመበት ቦታ

ይህ ነጥብ ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። በቢታ ገነት ያለው ተማሪ ትልልቅ ፋይሎችን የሚያወርደው ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ወደ ቦንጋ ሲሄድ ነው እንበል። የተለመደው ዘዴ ቦንጋ ላይ ጥቅሉን አውርዶ፣ በፍላሽ ይዞ መመለስና መጫን ነው። ዘዴው ግን ሁለት ችግሮች አሉበት። የመጀመሪያው የጥገኛ ጥቅሎች ጉዳይ ነው። «አፕት ዳውንሎድ ኤንማፕ» የተባለው ትዕዛዝ የሚያወርደው አንዱን ጥቅል ብቻ ነው። በቦንጋው ኮምፒዩተር ላይ ቀድሞ የተጫኑ ጥገኛ ጥቅሎችም ከወረደው መካከል አይገኙም፤ በቢታ ገነቱ ላይ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ሁለተኛው ችግር የፍላሹ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ ፍላሽ ይዘቱ ላለመለወጡ ዋስትና የለውም።

የተሻለው መንገድ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በመጀመሪያ በቢታ ገነቱ ኮምፒዩተር ላይ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ይሰጣል። ይህ የተፈረመውን ማውጫና ዝርዝሮቹን ስለሚያመጣ የተወሰነ ግንኙነት ይጠይቃል፤ በሞባይል ስልክ በኩልም ሊሠራ ይችላል። ቀጥሎ አፕት-ጌት ጥቅሎቹን እንዲያወርድ ሳይሆን አድራሻቸውን ብቻ እንዲያትም የሚያደርገው «ፕሪንት-ዩአርአይስ» የተባለው አማራጭ ከመጫን ትዕዛዙ ጋር ይሰጣል። ኮምፒዩተሩም እርሱ ራሱ የሚጎድሉትን ጥቅሎች አድራሻ፣ የፋይል ስምና መጠን አንድ በአንድ ያትማል። ተማሪው ይህን ዝርዝር ይዞ ቦንጋ ይሄዳል፤ በዝርዝሩ መሠረት አውርዶ ይመለሳል።

ከመጫኑ በፊት የሚቀረው ማመሳከር ነው። «አፕት-ካሽ ሾው ኤንማፕ» የተባለው ትዕዛዝ ስለ ጥቅሉ ከሚያሳየው መካከል ሻ256 የተባለው አሻራ ይገኛል። በፍላሽ የመጣው ፋይል አሻራ ደግሞ «ሻ256ሰም» በተባለው ትዕዛዝ ይሰላል። ለእያንዳንዱ ጥቅል ሁለቱ አሻራዎች ፊደል በፊደል፣ አኃዝ በአኃዝ ከገጠሙ ሰንሰለቱ አልተበጠሰም ማለት ነው። አንድ አኃዝ እንኳ ከተለያየ ጥቅሉ አይጫንም። ንጽጽር ሲደረግ የጥቅሉ የሥሪት ቁጥር አንድ መሆኑም መታየት አለበት። በዚህ መንገድ የጥቅሉ ክብደት በፍላሽ ይጓጓዛል፤ አመኔታው ግን በተፈረመው ማውጫ በኩል ለብቻው ይደርሳል።

ማስወገድ

ሥራው ሲጠናቀቅ ሦስት ትዕዛዞች ይቀርባሉ፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ኤንማፕ» ፕሮግራሙን ያነሣል፤ የጥቅሉ የሥርዓት ማዋቀሪያ ፋይሎች ካሉ ግን ባሉበት ይተዋቸዋል። «ሱዶ አፕት ፐርጅ ኤንማፕ» ማዋቀሪያዎቹንም ጨምሮ ያነሣል። «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» ደግሞ በራሳቸው ተጭነው አሁን የሚፈልጋቸው ጥቅል የሌለ ጥገኞችን ይሰበስባል። በፌዶራ የማስወገጃው ትዕዛዝ እንደ ልማድ የማያስፈልጉትን ጥገኞችም አብሮ ያነሣል።

ሦስተኛው ትዕዛዝ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚያነሣው የኤንማፕን ጥገኞች ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ላይ ባለቤት አልባ ብሎ የመዘገባቸውን ሁሉ ነው። ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት የቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ላይ ሌላው ለሥራው የሚጠቀምበት ጥቅል ከእነዚህ መካከል ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ትዕዛዙ የሚያወጣውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ሳያነቡ «አዎ» ማለት አይገባም። በዝርዝሩ ውስጥ ሊቆይ የሚገባው ጥቅል ከተገኘ «አፕት-ማርክ ማኑዋል» በተባለው ትዕዛዝ በእጅ እንደ ተጫነ ተቆጥሮ እንዲቆይ ይደረጋል።

ውጤቱን ለማረጋገጥ «ዲፒኬጂ» ከ«ኤል» አማራጭ ጋር ይሰጣል። በጥቅሉ ስም ፊት «አይ አይ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ከታዩ ጥቅሉ አሁንም ተጭኖ አለ። «አር ሲ» ከታየ ፕሮግራሙ ተነሥቷል፤ ማዋቀሪያዎቹ ግን ቀርተዋል።

አፕት የሚያስወግደው ራሱ የጫነውን ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ፕሮግራሙ ከምንጭ ኮድ ተገንብቶ ከሆነ አፕት አያውቀውም፤ የሚነሣው በተገነባበት ማውጫ ውስጥ «ሜክ አንኢንስቶል» በሚለው ነው። በስናፕ ከተጫነም የሚነሣው በስናፕ ነው። ስናፕ ደግሞ ሲያስወግድ የፐርጅ አማራጭ ካልተሰጠው የተጠቃሚውን መረጃ ቅጂ ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጣል። በዊንዶውስ ላይ ከኤንማፕ ጋር የሚጫነው ኤንፒካፕ ራሱን የቻለ ማስወገጃ አለው፤ ኤንማፕ ሲነሣ እርሱ ሊቀር ይችላል። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከአንድ በላይ ቅጂ መኖር አለመኖሩን «ታይፕ» የተባለው ትዕዛዝ ከ«ኤ» አማራጭ ጋር ሲሰጥ ያሳያል።

ከፕሮግራሙ በኋላ የሚቀረው

እስከዚህ የተዘረዘረው ሁሉ በጥንቃቄ ቢፈጸም እንኳ የጥቅል አስተዳዳሪው ፈጽሞ የማይነካቸው ሦስት ነገሮች ይቀራሉ።

የመጀመሪያው የተሰጠ ሥልጣን ነው። አንዳንዶቹ የኤንማፕ የቅኝት ዓይነቶች የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚጠይቁ፣ አንድ ተጠቃሚ ኤንማፕን ያለ ይለፍ ቃል በአስተዳዳሪነት እንዲያስኬድ በሱዶ ማዋቀሪያ ውስጥ ልዩ ፈቃድ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ይህ ፈቃድ የኤንማፕ ጥቅል አካል ስላልሆነ ፐርጅ አያጠፋውም። ኤንማፕ ተጠቃሚው የሚሰጠውን የሉዋ ስክሪፕት ማስኬድ ስለሚችል፣ ይህን መሰል ፈቃድ የያዘ ሰው ስክሪፕቱ ያዘዘውን ማንኛውንም ነገር በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሊያስፈጽም ይችላል። ዛሬ የተረሳው መስመር ፕሮግራሙ ከአንድ ዓመት በኋላ በሌላ ሰው እንደ ገና ሲጫን ሥራውን ይጀምራል። ስለዚህ የሱዶ ማዋቀሪያ በእጅ ተፈትሾ መስመሩ መሰረዝ አለበት።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። አፕት የጫነውንና ያስወገደውን ከነቀኑ በራሱ የታሪክ ፋይል ውስጥ ይመዘግባል። ይህ ፋይል እንደ ቀሩት ትርፎች መታየት የለበትም፤ መጥፋትም አይገባውም። መሣሪያው መቼ እንደ መጣና መቼ እንደ ሄደ ለፈቃድ ሰጪው የሚመሰክረው እርሱ ነውና።

ሦስተኛውና ዋናው የቅኝቱ ውጤት ነው። ኤንማፕ ግኝቱን በተራ ጽሑፍም በኤክስኤምኤልም ፋይል ማስቀመጥ ይችላል። ፋይሎቹ የሚቀመጡት በተጠቃሚው የግል ማውጫ ውስጥ ስለሆነ የትኛውም የማስወገጃ ትዕዛዝ አይደርስባቸውም። በውስጣቸው የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች አድራሻ፣ የተከፈቱት ፖርቶች፣ እንደ ቅኝቱ ዓይነትም የአገልግሎቶቹ የሥሪት ቁጥር ሰፍሯል። የኮምፒዩተር ስም በሠራተኛው ስም የተሰየመ በሚሆንበት ጊዜ ፋይሉ የሰዎችን ማንነትም ይይዛል፤ ያን ጊዜ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከግምት መግባት አለበት።

ፕሮግራሙንና ፋይሉን ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ኤንማፕን ማንም ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ከማንኛውም ማከማቻ ሊያገኘው ስለሚችል ከተማሪው ላፕቶፕ መነሣቱ ለመሥሪያ ቤቱ የሚጨምርለት ደኅንነት አነስተኛ ነው። የቅኝቱ ውጤት ግን በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኝ ሰነድ ነው፤ የዚያ አንድ ቢሮ ካርታ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ፣ ፍላሹ በፎቶ ኮፒ ቤት ቢረሳ፣ ወይም ሙሉ ሠንጠረዡ በመመረቂያው ጽሑፍ አባሪ ሆኖ በቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ካርታው ለማያውቁት ሰው ይተርፋል። ራውተሩና ፕሪንተሩ ሳይለወጡ ለዓመታት በሚያገለግሉበት መሥሪያ ቤት ደግሞ የዛሬው ካርታ ከብዙ ዓመት በኋላም እውነት ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ስለሆነም ውጤቱ ከተሰበሰበበት ቀን ጀምሮ በተመሰጠረ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል። ለጽሑፉ የሚያስፈልጉት ጥቅል አኃዞች፣ ማለትም ስንት መሣሪያ እንደ ተገኘ፣ ከእነርሱም ስንቶቹ ያረጀ ሶፍትዌር እንደሚያስኬዱ፣ ተለይተው ይወጣሉ። አድራሻዎችና የኮምፒዩተር ስሞች በአባሪ ውስጥ አይገቡም። ሙሉው ውጤት አንድ ቅጂ ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ ካርታው የእርሱ ነውና። የተማሪው ቅጂዎች፣ በፍላሽ፣ በኢሜይልና በመጠባበቂያ ማኅደር ያሉትም ጭምር፣ በፈቃዱ ላይ በሰፈረው ቀን ይጠፋሉ፤ መጥፋታቸውም በጽሑፍ ይገለጻል።

ማጠቃለያ

የመቃኛ መሣሪያን በትዕዛዝ መስመር መጫንና ማስወገድ በቴክኒክ በኩል ከባድ ሥራ አይደለም። መጫኑ የተፈረመ ማውጫንና አሻራን ማመሳከር፣ ማስወገዱም ጥቅልን፣ ማዋቀሪያንና ጥገኞችን ለይቶ ማወቅ ይጠይቃል። ሁለቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመዱ ናቸው። ከባዱ ከትዕዛዝ መስመሩ ውጪ ያለው ነው፦ ከመጫኑ በፊት የሚጻፈው ፈቃድ፣ ከማስወገዱም በኋላ የሚቀረው ፋይል። በቢታ ገነት ያለው መሥሪያ ቤት ለተማሪው በሩን የከፈተው ኤንማፕ ምን እንደሆነ ስላወቀ ላይሆን ይችላል፤ ተማሪውን ስላመነው ነው። ያ እምነት ተጠበቀ የሚባለው ዲፒኬጂ ጥቅሉ እንደሌለ ሲናገር ሳይሆን፣ የቢሮው ካርታ ከቢሮው በቀር በማንም እጅ አለመኖሩ ሲረጋገጥ ነው።